«በፊት» እና «በኋላ»ን ላቀያየሩት ለወይዘሮ ሔዋን

ይድረስ ለክብርት ወይዘሮ ሔዋን፣
በቦሌ ቡልቡላ የሚገኘው የቆዳ ውበት ማዕከል ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን፣ ከጤናዎም ይልቅ የፊትዎን ደኅንነት እመኛለሁ። ጎሮ በአንድ ግቢ ስናድግ «አንቺ» እልዎት ነበር፤ ዛሬ ግን በጣም ስለራቁኝ «እርስዎ» ማለቱ ይቀለኛል።

እንደሚያስታውሱት፣ ከወለድኩ በኋላ ጉንጬ ላይ ማድያት ወጥቶብኝ ነበር። እኔ ለምጄው ትቼው ነበር፤ ያስታወሱኝ እርስዎ ነዎት። «የሺዬ፣ የእህትሽ ሠርግ ሳይደርስ ማይክሮደርማብሬዥን ልሥራልሽ። ማሽኑ የላይኛውን ቆዳ በስሱ ፋቅ ያደርገዋል፣ በቃ» አሉኝ። ለሌላ ሰው ፊቴን አልሰጥም ነበር። ለእርስዎ ሰጠሁ።

ስለዚህ ምስጋናዬ እነሆ፦

1ኛ. መለማመጃ ፊት አጥታ ለነበረችው አዲስ ሠራተኛዎ የእኔን ስላበረከቱላት፣ «አቃጠለኝ» ብዬ ስጮህም ስልክዎን ሳይዘጉ «ውበት እኮ ያማል» ብለው ስላጽናኑኝ።

2ኛ. ከፀሐይ መጠንቀቅ እንዳለብኝ ሳይነግሩኝ ስለሸኙኝ። የተላጠው ጉንጬ ከሰል መሰለ። በእህቴ በተናኜ ሠርግ ሻሼን እስከ ዓይኔ አውርጄ፣ ከድንኳኑ ጀርባ ወጥ ስጨልፍ ዋልኩ፤ አንድም ፎቶ ላይ የለሁም። «ምን ልቀባ?» ብዬ የጠቆረ ፊቴን አንስቼ ስልክልዎም መልስ አልሰጡኝም።

3ኛ. ፎቶውን ግን አልጣሉትም። ባለፈው ወር በማዕከልዎ መስታወት ላይ ራሴን ተለጥፎ አገኘሁት። የጠቆረው ፊቴ «በፊት» ይላል፤ ገና ስመጣ ያነሱኝ ደግሞ «በኋላ»። እዚያው መንገድ ላይ አለቀስኩ። ያቃጠለኝ ማሽኑ ብቻ እንዳልነበር ያኔ ገባኝ።

ቅዳሜ ሻሼን አውልቄ መጣሁና ከፎቶው ሥር ተቀመጥኩ። ተራ የሚጠብቁት ሴቶች አንዴ ፎቶውን፣ አንዴ እኔን ያያሉ። አንዷ «እህቴ፣ አንቺ ነሽ እንዴ?» አለችኝ። «እኔው ነኝ፤ የሚነበበው ግን ከቀኝ ወደ ግራ ነው» አልኳት። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። እርስዎም ከቢሮዎ ብቅ ብለው «የሺ፣ ምነው ሰው ፊት ታዋርጂኛለሽ?» አሉኝ። ስለ ሰው ፊት ሲጨነቁ ያየሁዎት ያን ዕለት ብቻ ነው። ከዚያ ወጥቼ በቀጥታ ለሚመለከተው ተቆጣጣሪ አቤት ብያለሁ።

ለጥበብዎ ጉንጯን የገበረች፣
ወዳጅዎ የነበረች፣
የሺአረግ፤ ከጎሮ

ማስታወሻ፦ ፎቶዎቼን በማግስቱ እንዳነሷቸው ሰማሁ። ለምን ደከሙ? ጽሑፎቹን ብቻ ማቀያየር ይበቃ ነበር።