ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ

ሃውክሊ፣ ዮርክሸር
ኦገስት 18 ቀን 2019

አውስትራሊያ ድረስ ሄዳ ላኮረፈችኝ ውድ ልጄ ለብራዮኒ፦

ደህና ነሽ ወይ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። አሸነፍን! የሴቶቹ የራግቢ ሊግ ቡድናችን ትናንት በገዛ ሜዳችን ዋንጫውን ወሰደ። በስልክ ልነግርሽ ነበር፤ ግን አታነሺውም። ደግሞም የምጽፈው ስለ ዋንጫው ብቻ አይደለም።

አጥሩን አንስተነዋል። አዎ፣ የማዕድን ጉድጓዱ ሲዘጋ ከጋሪ ሐዲዱ በእጄ የበየድኩትን፣ ከአራት ዓመት በፊት ኳስ ይዘሽ ስትሮጪ ተገፍትረሽ ትከሻሽን የተሰበርሽበትን አጥር።

በሚያዝያ ሊጉ፣ ከሜዳው መስመር እስከ አጥሩ አምስት እርምጃ ካልኖረ እዚህ የፍጻሜ ጨዋታ አትጫወቱም አለን። ሽማግሌዎቹ አበዱ። ታውቂያለሽ፣ እያንዳንዱ አጥሩ ላይ የሚደገፍበት የራሱ ቦታ አለው፤ ሰውየው ቢሞት እንኳ ዓመት ሳይሞላ ማንም አይቆምበትም። ኢኖክ ሰግደን ስብሰባው ላይ ተነሥቶ፣ "ክርኔ ሠላሳ ዓመት ያለሰለሰውን ብረት ማን አባቱ ነው የሚነካው? ልጆቹ ዐይናቸውን ገልጠው ይሩጡ!" ብሎ ጮኸ።

ቃሉ የእኔ ነበር። ሆስፒታል አልጋሽ አጠገብ ቆሜ፣ ዐይንሽን ገልጠሽ ብትሮጪ ኖሮ ብዬ የተናገርኩሽ እሱኑ ነው። ከእሱ አፍ ስሰማው አፈርኩ።

ተነሣሁ። "የአጥሩ ንድፍ ወረቀት ላይ አምስት እርምጃ ነበር" አልኩ። "በጉድጓዱ ጨለማ ዐይናችሁ ደክሟል፣ ጨዋታውን ቀረብ ብላችሁ እዩ ብዬ ሁለት እርምጃ ያስጠጋሁት እኔ ነኝ። ልጄን የሰበርኳት እኔ ነኝ።"



"አንተ ግንድ! ይህን ሁሉ ዘመን አፍህን ማን ለጎመው?" አለኝ ኢኖክ። ከዚያ ክርኑን እያሻሸ፣ "በል እንግዲህ። ቦታዬ ግን ከእኔ ጋር ይሄዳል" አለ።

ሐዲዱን ከምሰሶዎቹ ላይ ቆርጬ በማላቅቅበት ጊዜ ሃያ ሽማግሌ በየቦታው ሆኖ ያዘው። "ወደ ኋላ! አንድ! ሁለት!" አልኩ። እየተሳደቡ፣ እየሳሉ፣ አንድም ሰው ተራውን ሳይለቅ ተራመዱ።

ትናንት ጨዋታው ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀር እኩል ነበርን። አንቺ ትለብሺው የነበረውን ቁጥር የለበሰችው ማክሲን ኳሱን ታቅፋ በዳር በረረች። ሁለት ተጋጣሚዎች ሲገፏት ማዕዘኑ ላይ ኳሱን መሬት አስነክታ አስቆጠረችና ከሜዳው ውጭ ተንሸራተተች። የድሮዎቹ ምሰሶዎች የተነቀሉበትን አፈር አልፋ ኢኖክ ጫማ ሥር ስትደርስ ቆመች።

"ምነው አንቺ ልጅ፣ ቦታዬን ልትቀሚኝ ነው?" አላት።

"ቢራ ከጋበዙኝ እተውልዎታለሁ" አለችው፣ ጭቃውን እየተፋች። ከዚያ እየሳቀች በሁለት እግሯ ተነሣች።

ሜዳው በጩኸት ተናወጠ። እኔ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ሰው ሁሉ ለዋንጫው መስሎታል፤ ይምሰለው።

ብራዮኒ፣ ጥፋቱ ያንቺ አልነበረም። ይቅር በይኝ።

ትከሻሽን ብርድ አይንካው፤ የወደቅሽበት ሁሉ ለስላሳ ሣር ይሁንልሽ። አዲሱ አጥር ላይ ከእኔ ቀጥሎ ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ አለ። ማንም አይቆምበትም።

አጥሩን ያቆመውም ያነሣውም
አባትሽ ዊልፍ