ከበሩ የጀመረ ታሪክ

ጥቅምት 20 ቀን 79። ከቀኑ 6 ሰዓት። ሾላ።

ሦስት ጆንያ ነጭ ጤፍ መጣ። ሁለቱ ጥሩ። ሦስተኛው አፉ ላይ ማኛ ነው፤ መሃሉን በብረቱ ስወጋው ሰርገኛ ወጣ። መለስኩት። ሻጩ ማለ፣ ተገዘተ፣ እናቱን ጠራ። ሁላችንም የምናውቀው ነገር ነው። ጥሩው እህል አፍ ላይ ይደረጋል፤ ገዢም ጫፉ የሾለ፣ ውስጡ ክፍት ብረት ይዞ ይመጣል።

ደብተሬ፣ ሌላም ወሬ አለ። ሌንሴ ልብ ወለድ ጽፋለች። ልጄ! የአማርኛ መምህርት ናት፣ የተማሪ ፈተና እያረመች ነው ስል ከርሜ፣ ለካ ስምንት ደብተር ሞልታለች። ዛሬ ጠዋት ቁርስ ላይ አምጥታ ከፊቴ ከመረችው። ለሳንሱር ከማስገባቷ በፊት እኔ እንዳነበው ትፈልጋለች። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያላለፍኩ እህል ነጋዴ ምን ልፈይድልሽ? አልኳት። ስለ እህል ነጋዴ ነው አለች። ሳቅሁ። ሚዛኑ ላይ እንዳትሳሳቺ ነዋ አልኩ።

እሷ አልሳቀችም።

ጥቅምት 21። 4 ሰዓት።

ምዕራፍ አንድን አነበብኩ። ስድስት ገጽ ብቻ። ደብተሩን ዘጋሁት። ከፈትኩት። እንደገና ዘጋሁት።

የእህል መጋዘን። ቀትር። የሽብሩ ዘመን። አንድ ልጅ እየሮጠ ይመጣና የቆርቆሮውን በር ይደበድባል። የነጋዴውን ስም ይጠራል። ነጋዴው ውስጥ አለ። በሩ ከሥሩ ክፍተት አለው፤ በክፍተቱ ጫማው ይታያል። ቡናማ ጫማ፣ የግራው አፍንጫ የተሰፋ። ጫማው አይንቀሳቀስም። አሳዳጆቹ ይደርሳሉ። ልጁን ይወስዱታል። ጫማው አሁንም እዚያው ነው።

ምዕራፉ አለቀ።

የግራው አፍንጫ የተሰፋ ቡናማ ጫማ የኔ ነበር።

7 ሰዓት።

ሁለት ጊዜ ሚዛን ስቻለሁ፤ ሁለቴም በራሴ ላይ። ጎረቤቴ ሸምሱ ከማዶ አይቶኝ፣ አንተ ቶሎሳ፣ ዛሬ ሚዛንህ ጠጅ ጠጥቷል እንዴ? ብሎ ጮኸ። ገበያው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ማንም አላየኝም ብዬ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ። አሁን ሳስታውስ፣ ያን ቀን ሌንሴ ምሳዬን ይዛልኝ መጥታለች። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ። ምሳ ዕቃው ቀዝቅዞ ነበር። ረፈደብሽ አልኳት። ረፈደብኝ አለች። ሌላ አልተነጋገርንም።

እስከ ዛሬ አልተነጋገርንም።

ጥቅምት 23። እሑድ።

የቀበሌ ስብሰባ። ሦስት ሰዓት ተቀመጥኩ፣ የሰማሁት ነገር የለም።

የልጁ ስም በልብ ወለዱ ውስጥ ሌላ ነው። ደብተሬ፣ ለአንተ ልንገርህ። ሰሎሞን ነው። የእትዬ ዘነበች ልጅ። ከቤታችን በላይ ሦስተኛው አጥር፣ እዚሁ ሲግናል ሰፈር። አልተመለሰም። አስከሬንም የለም። እትዬ ዘነበች ቅዳሜ ቅዳሜ ከኔ ዘንድ ጤፍ ይገዛሉ። ከሰፈሩ ቶሎሳ ብቻ ነው ሰው እያሉ ይመርቁኛል።

ይህን ሰው ቢያነበው ምን እንደሚደርስብኝ አውቃለሁ። ስለዚህ አንተ ከዛሬ ጀምሮ ማደሪያህ የአብሽ ጆንያ ውስጥ ነው። አብሽ ውስጥ እጁን የሚከት የለም፤ ሽታው ሳምንት አይለቅም።

ጥቅምት 26። ከሰዓት።

ምዕራፍ ሁለት ባዶ ነው። ርዕስ ብቻ አለው፦ «የዚያ ቀን ጠዋት»። ከዚያ አሥራ ሁለት ባዶ ገጽ። ረስታው ነው አልኩ። ሌንሴ ግን የምትረሳ አይደለችም።

ምዕራፍ ሦስት ከዚያ ቀን አንድ ዓመት ወደ ኋላ ነው። አራት ደግሞ ከዚያም በፊት። ታሪኩ እንደ ሰው ወደ ፊት አይሄድም። ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ኋላ ይራመዳል።

ሦስት ላይ ነጋዴው ለአንዲት መበለት ከመዘነላት በላይ አንድ እፍኝ ይጨምራል። እውነት ነው፤ እጨምራለሁ። ለሁሉም እጨምራለሁ፣ ለእትዬ ዘነበች ሁለት እፍኝ። ምርቃት ነው፣ የገበያ ወግ። ግን በሩን ካነበብኩ በኋላ ያቺ እፍኝ ሌላ ሆነችብኝ። ከበሩ በፊት የሆነ ነገር ነው፤ ሰውየው ገና ምንም አላደረገም። እኔ ግን የገዛ እጄን ተጸየፍኩ። ጉቦ መሰለኝ። ያው ሰው፣ ያው እፍኝ፣ ያው ጤፍ።

ልጄ ምን አድርጋ ነው? አንድ ቃል አልሰደበችኝም። መጥፎ ነው አላለችም። ስድስት ገጽ ከፊት አስቀመጠች፣ አለቀ።

ኅዳር 2።

መፈተን አለብኝ። ሳይፈትኑ መግዛት አላውቅበትም።

ታሪኩን ለአስካለ ነገርኳት። ልጅሽ የጻፈችው ነው አላልኩም፤ አንድ ደንበኛ የነገረኝ ልብ ወለድ ነው አልኩ። ከበሩ ጀመርኩ። ሚስቴ አማተበች። እግዜር ይይለት አለች። ቆይ፣ ቀጥሎ መልካም ሥራውም አለ ብዬ መበለቷን ነገርኳት። ይሉኝታ ነው አለች። ምዕራፍ አራት ላይ ያሳደጋቸውን የወንድሙን ልጆች ነገርኳት። ደሙ እየከሰሰው ነው አለች። ወጥ እያማሰለች ነበር፤ ዞራም አላየችኝም። እንዲህ ያለውስ ልጅ አይውጣለት ብላ ጨረሰች።

እኔው ነኝ ልላት ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

ኅዳር 3። 5 ሰዓት።

ለሸምሱ ገልብጬ ነገርኩት። ከመጨረሻው ምዕራፍ ጀምሬ። ከሱሉልታ አህያ እየነዳ ሾላ የገባ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ። ዝናብ። በሩን ያንኳኳ የማያውቀው መንገደኛ። ጎረምሳው ይከፍታል፣ ጋቢውን ይሰጠዋል፣ ራሱ እርጥብ ጆንያ ላይ ይጋደማል። ሸምሱ፣ ይሄማ ወልይ ነው፣ ልጄን እድርለታለሁ አለ። ከዚያ መበለቷ፣ ከዚያ የወንድም ልጆች። ከዚያ በሩ።

ሸምሱ ካልኩሌተሩን አስቀመጠ። ምን አይቶ ነው? አለኝ። ያ ሰው እኮ ዝም ብሎ አይዘጋም፤ ምን አይቶ ነው ቶሎሳ?

ደብተሬ፣ ይኸውልህ። ሚስቴ ፈረደች፤ ሸምሱ ጠየቀ። ታሪኩ አንድ ነው።

ኅዳር 6። ቅዳሜ።

እትዬ ዘነበች መጡ። ሁለት እፍኝ ጨመርኩ። ሁለተኛዋ ላይ እጄ አየር ላይ ቆመች። ምነው ጋሽ ቶሎሳ፣ ንፉግ ሆኑብኝ? ብለው ቀለዱ። መረቁኝ። ሄዱ።

ለሌንሴ እነግራታለሁ፦ በሩን ወደ መጨረሻ ውሰጂው። ጥሩ ምክር ነው። ነጋዴም ይመክረዋል፣ ደራሲም ይመክረዋል።

ኅዳር 7። እሑድ፣ ከሰዓት።

ነገርኳት። ጓሮ፣ ልብስ እያሰጣች። ሰው መጀመሪያ ይውደደው፣ ከዚያ በሩን አሳዪው፣ ያኔ ይበልጥ ያማል አልኩ። ያዘነ ደግሞ ይጠይቃል እንጂ አይፈርድም። እስከዚህ ድረስ በደንብ ተናገርኩ።

ልብሱን ቆንጥጣ ሰማችኝ። ከዚያ፣ አባዬ፣ አንተ ጆንያ አፉን አይተህ ትገዛለህ? አለችኝ።

አልገዛም።

ታዲያ እኔ አንባቢዬን ለምን ላታልለው? አለች። በሩ መጨረሻ ከመጣ ሳያደርገው ምረውት ይጠብቁታል። እኔ እንዲምሩት አልፈልግም። እንዲፈርዱበትም አልፈልግም። መጀመሪያ ይፍረዱ፤ ከዚያ እያንዳንዱ ገጽ ፍርዳቸውን ትንሽ ትንሽ እየሸረፈ ይውሰድባቸው። የመጨረሻው ገጽ ላይ የሚከፍተውን ጎረምሳ ሲያዩ፣ ይህ ልጅ የት ላይ ጠፋ? ብለው ወደ ኋላ ተመልሰው ይፈልጉት።

ተመልሰው ሲፈልጉ ባዶ ምዕራፍ ነው የሚያገኙት አልኳት።

አዎ አለች። ያን ጠዋት የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ይህን ስትል ፊቴን አላየችም። ጫማዬን ነው ያየችው።

ኅዳር 10።

ለልጄ መናገር ወይም አለመናገር። ሌላ ሥራ የለኝም።

ካልነገርኳት መጽሐፉ እንዲህ ይወጣል፤ እኔም ለሷ እስከ ሞት ያው ጫማ ነኝ። ከነገርኳት ምን እንደምሆን አላውቅም። ብነግራት የሚሻል ይመስላል። አይመስልህ።

ለአንተ ግን ልጻፈው። ያን ቀን መጋዘን ውስጥ ብቻዬን አልነበርኩም። ከባቄላው ጆንያ ጀርባ ደረጀ ነበር። ልጄ፣ የሌንሴ ወንድም። ይፈለግ ነበር። ሦስት ቀን እዚያ ሸሽጌዋለሁ። እሷም እናቷም ሳምንት ቀድሞ ወለጋ አጎቱ ዘንድ የሄደ ነው የሚመስላቸው። ለአስካለ ያልነገርኳት የእናት ዓይን ስለሚናገር ነው። ማታውኑ በጭነት መኪና፣ በጆንያ መሃል፣ በእንጦጦ በኩል አዙሬ አስወጣሁት።

ሰሎሞን ሲያንኳኳ ደረጀ ድምፁን ለየው። አብሮት ተምሯል። አባቴ፣ ክፈትለት አለኝ። እንደገና፣ ክፈትለት። አፉን በመዳፌ አፈንኩት፣ ከዚያ በሩ ጋ ሄጄ ቆምኩ፤ ማንም እንዳይከፍተው።

ደረጀ ዛሬም ወለጋ ነው። ለእናቱ ይጽፋል። ለኔ አንድ ቀን ጽፎ አያውቅም።

ኅዳር 12። ጠዋት።

ማስላት ልማዴ ነው፤ አሰላሁ። ብከፍት ሰሎሞንን ተከትለው ይገባሉ፣ ሁለቱም ይያዛሉ። ዘጠኝ ዓመት የኖርኩት በዚህ ስሌት ነው።

ዛሬ ልክ እንደዚያው በሩ ጋ ቆሜ፣ ልጁ ማንኳኳት ከጀመረበት አሳዳጆቹ እስከሚደርሱበት ያለውን ጊዜ በልቤ ተራመድኩት። ከወፍጮ ቤቱ ጥግ እስከ መጋዘኑ በር። ረጅም ነው። ደብተሬ፣ ረጅም ነው። ከፍቼ ሁለቱንም በጓሮ በኩል የማስወጣበት ጊዜ ነበረ። ሞክሬው አላውቅም ነበር። ፈርቼ አልሞከርኩትም።

ቆርቆሮውን ይዤ ቀረሁ። ሸምሱ መጥቶ፣ አመመህ? አለኝ።

ኅዳር 16። ማክሰኞ። ከቀኑ 9 ሰዓት።

ኪዳነ ምሕረት። አስካለን አድርሰን፣ ተሳልመን፣ ስንወርድ እሷ ከሴቶቹ ጋር ቀደመች። ሌንሴና እኔ ባሕር ዛፉ መሃል ወደ ኋላ ቀረን። ጆሮ የሌለበት ቦታ እዚያ ብቻ ነው።

ነገርኳት። ሁሉንም። ደረጀን፣ ባቄላውን፣ መዳፌን።

ቆመች። ቅርፊት እየላጠች ሰማችኝ። ስጨርስ አላለቀሰችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ ጊዜ ነበረ ወይ? ነበረ አልኳት። ያኔ ዛፉን ተደገፈች።

እያሰበች ተናገረች። የወንድሜን መኖር ብቻ ብጽፍ ሰውየው ነጻ ይወጣል አለች። አንባቢው፣ ለካ ምክንያት ነበረው! ብሎ ይገላገላል፣ መጽሐፉም እዚያው ይሞታል። «ክፈትለት» ያለው ከሌለበት ምዕራፉ ውሸት ነው። ካለበት ደግሞ በሩ ሁለት ጊዜ ተዘጋ ማለት ነው፤ አንዴ በሰሎሞን ላይ፣ አንዴ በደረጀ ላይ።

ይህማ ለሳንሱር አይገባም አልኳት። ደረጀ አሁንም በሕይወት አለ። ባዶው ይቅር።

ባዶው ይቀራል አለች። አንተ ባዶው ውስጥ ምን እንዳለ ታውቃለህ፤ አንዲት ሴት ግን ባዶ መሆኑንም አታውቅም። እትዬ ዘነበች ሳይሰሙት እኔ መጽሐፉን ለማንም አልሰጥም።

ክንዴን ያዘችኝ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ። እስከ ታች ድረስ አልለቀቀችኝም።

ኅዳር 19።

እትዬ ዘነበች ቢከሱኝስ? ይችላሉ። ወደ ቀበሌ ቢሄዱ ደረጀ ይያዛል። ይህንንም አስልቻለሁ። እኚህ ሴትዮ ወደዚያ ደጅ የሚሄዱ አይመስለኝም። አይመስለኝም ማለት ግን ዋስትና አይደለም። ሾላ ላይ ሠላሳ ዓመት ስነግድ ያለ ዋስትና የገባሁበት ነገር ይህ አንድ ብቻ ነው።

ኅዳር 20። ቅዳሜ። 3 ሰዓት ከሩብ።

መጋዘኑን ጠረግሁ። በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ ከሥሩ ድንጋይ አስደገፍኩት። መቀመጫ ዱካ አወጣሁ። ውሃ ቀዳሁ። ዛሬ ልክ እመዝናለሁ፣ ምርቃት የለም። ከዛሬው ነገር ጋር እፍኝ ጤፍ አላቀርብም።

የቀረኝ አንድ ነገር፤ ከየት ልጀምር? ሦስት መንገድ ሞከርኩ። ከደረጀ ብጀምር፣ ልጄን ላድን ብዬ ማለቴ ነው፤ ሳይሰሙ ያዝኑልኛል። ከስንት ዓመት ጉርብትናችን ብጀምር፣ ማኛውን አፍ ላይ ማድረጌ ነው። ከይቅርታ ብጀምር ይቅር እንዲሉኝ ማስገደዴ ነው። ሌንሴ ልክ ነበረች፤ ለእኚህ ሴት ግን ምዕራፍ ሁለትን ባዶ አልተውም።

ከበሩ እጀምራለሁ። ልጅዎ መጣ። ስሜን ጠራ። ውስጥ ነበርኩ። ሰማሁት። ከዚያ ዝም እላለሁ። ሌላውን ከጠየቁኝ እነግራቸዋለሁ። ካልጠየቁኝ…

እትዬ ዘነበች ከወፍጮ ቤቱ ጥግ ብቅ አሉ። ዘንቢላቸውን ይዘዋል። ከሩቅ እጃቸውን አነሱልኝ። መንገዱ ረጅም ነው፣ ቀስ ብለው ነው የሚመጡት፣ እኔ ግን ዛሬ በሩ ላይ…