የአባቴን ወንበር ስለሸለሙልን

ለተከበሩ የሕንጻችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለ ማቅረብ፣ ከተቻለም ወንበር ስለ መጠየቅ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ድምፅ ማጉያዎ ይጠንክርልን፤ ጉልበትዎ አይዛል፤ በደረሱበትም ሁሉ መቀመጫ አይጡ። እኔ አራተኛ ፎቅ ላይ ልብስ በመስፋት የምተዳደር ነዋሪ ስሆን፣ አብረውኝ የሚኖሩት አባቴ ደግሞ ጡረታ የወጡ አናጢ ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት ደረጃው ሥር ፀሐይ ሲሞቁ በአጠገባቸው ያልፉ ስለነበር መልካቸውን አያጡትም። ይህን ደብዳቤ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ መለጠፌ እርስዎን ለማሳጣት አይደለም፤ ቢሮዎ በተመላለስኩ ቁጥር «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለምባልና ሰሌዳው ግን ስብሰባ ስለማይገባ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ጽዳት ዘመቻው አመሰግናለሁ። የሌላ ሰፈር ነዋሪዎች «በአቅም ስለ መኖር» ከእኛ ልምድ ሊቀስሙ በሚመጡበት ቀን ማለዳ፣ የአባቴ ወንበር «ያረጀና ገጽታ የሚያበላሽ» ተብሎ ቆሻሻ ገንዳው ጋ ተወረወረ። እውነትዎን ነው፣ አርጅቷል። አንዱ እግሩ ከተሰበረ አልጋ የመጣ ነው፤ መቀመጫውን እኔ ልብስ ስሰፋ ከሚተርፈኝ ቁርጥራጭ ጨርቅ አባቴ ራሳቸው ጎንጉነው ስለሠሩት የሰፈሩ ቀሚስና ሱሪ ሁሉ እዚያ ላይ አለ፤ በደንብ ቢያዩት የእርስዎም የሱፍ ሱሪ ጠርዝ ሳይኖርበት አይቀርም። የአባቴ ጉልበት በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ደረጃ አያስወጣቸውም፤ ጠዋት ወርደው፣ ሰው አይተው፣ ተጫውተው ማታ የሚመለሱት ያ ወንበር ስላለ ነበር። የዚያን ዕለት የደረጃውን ብረት ይዘው «ኧረ ልጆች፣ የምቀመጥበት ነው!» ቢሉ የሰማቸው ስላልነበረ፣ እያረፉ እያረፉ ተመልሰው ወጡ።

ሁለተኛ፣ ስለ ባነሩ። «እግርህን በፍራሽህ ልክ ዘርጋ» የሚል ምክር ያሳተሙበት ባነር ራሱ እግሩን ዘርግቶ የሦስት ቤት መስኮት ሸፈነ፤ አንዱ የእኛ ነው። ስለ ቢሮዎ አዲስ መጋረጃ፣ ስለ አበባ ማስቀመጫዎቹና ስለተከራዩት ድንኳን አላነሳም፤ ቁጠባን ለማስተማር ወጪ ያስፈልጋል ብለውናልና አምነን ተቀብለናል። እኛም በጠራራ ፀሐይ መብራት አብርተን ተቀመጥን።

ሦስተኛውን እንዴት ብዬ እንደምጽፈው እንጃ። እርስዎ በድምፅ ማጉያ ስለ ቁጠባ ጥቅም ሲያስረዱ፣ የክብር እንግዳው፣ ሞላ ያሉ ሰው ናቸው ይባረኩ፣ የተቀመጡበት አዲስ የፕላስቲክ ወንበር እግሩ ተሰንጥቆ መሬት ላይ ዘረጋቸው። ዘበኛችን ደንግጦ የአባቴን ወንበር ከገንዳው ሥር አነሳና አራግፎ አቀረበላቸው። ተቀመጡ፤ ተመቻቸው፤ መቀመጫውን እየዳበሱም ይኼን የመሰለ ነገር ማን እንደሠራው ጠየቁ። እርስዎስ ምን አሉ? «ይህ ከወዳደቁ ዕቃዎች የተሠራ የኮሚቴያችን የቁጠባ ውጤት ነው!» አሉ። ጉድ እኮ ነው! ተጨበጨበ። ያ አልበቃ ብሎ «ለመታሰቢያ ይሁንዎት» ብለው ወንበሩን ለእንግዳው ሸለሟቸው፣ መኪናቸው ላይ ተጭኖ ሄደ።

ያላየነውን በኋላ ዘበኛው ነገረን እንጂ፣ ንግግርዎንና ጭብጨባውን አባቴና እኔ ከባነሩ ጀርባ ተቀምጠን በጆሯችን ሰምተናል። ጭብጨባው ሲያልቅ አባቴ «ለካ ቆንጆ ወንበር ነበር» አሉኝ።

ክቡር ሆይ፣ የሰው ወርቅ አያደምቅም ሲባል እሰማ ነበር፤ የሰው ወንበር ግን ያደምቃል መሰለኝ፣ እርስዎ በጣም ደምቀዋል። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከማንም ሳይበደሩ፣ የተሰበረውን እየጠገኑ፣ በሌላቸው ሳይኩራሩ ኖረዋል፤ ስለዚህም ባነር ይሰቀልልኝ አላሉም። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን አንድ ጊዜም አልወረዱም። ቆመው እንዲውሉ ጉልበታቸው፣ ደረጃው ላይ እንዲቀመጡ ብርዱ አልፈቀደላቸውም። ጎረቤቶች «አባባ የት ጠፉ?» ሲሉኝ ትንሽ አሟቸው ነው እላለሁ፤ እውነቱን መናገር ስጀምር እንባዬ ይቀድመኛል፣ እኔ ደግሞ ማልቀስ ሳይሆን መጣላት ነው የምፈልገው። ሌላ ይሥሩ እንዳይሉኝ፣ የሚጣል አልጋ በየቀኑ አይገኝም። የምጠይቅዎ አዲስ ወንበር እንዲገዙልን አይደለም፤ እባክዎን ለእንግዳው ይደውሉና ያንን አሮጌውን ያስመልሱልን።

ላሳዩን የቁጠባ አርአያነት እጅ እየነሳሁ፣ አዲሱ መጋረጃዎ ሳይደበዝዝ ብዙ ዓመት እንዲያገለግልዎ እየተመኘሁ፣

አክባሪዎ
የአራተኛ ፎቅ ልብስ ሰፊ

ግልባጭ፦
ለክብር እንግዳው፣ በተቀመጡበት
ለዘበኛችን፣ በቆመበት

ማስታወሻ፦ ያ የተሰበረ የፕላስቲክ ወንበር በተራው ገንዳው ጋ ተጥሎ ስለነበር ዘበኛው አዝኖልን ይዞልን መጣ። አባቴ ስንጥቁን በጋለ ሽቦ ሰፍተው፣ እግሩን አጠናክረው አስተካከሉት። እሰይ፣ አሁንስ ሊወርዱልኝ ነው ብዬ ደስ ሲለኝ፣ «የኮሚቴው ንብረት አይደል እንዴ? የሰው ዕቃ እኛ ቤት አያድርም፤ መልሽላቸው» አሉኝ። ብለምንም እምቢ አሉ። ቢሮዎ በር ላይ አስቀምጬልዎታለሁ። ሲቀመጡበት አይስጉ፣ አባቴ የሠሩት ነገር ማንንም ይችላል።