ያልተሳልኩት ስለት

ይድረስ ለእናቴ ምትክ፣ ለእትዬ ወለቴ፤

እንደምን ከረምሽልኝ? ያ ደረትሽን አንቆ የሚይዘው ሳል ዘንድሮስ ማረሽ ወይስ እንደ ልማዱ ክረምቱን አብሮሽ ከረመ? የጋሼ ደግፌ ዓይን ተሻለው? መነጽሩን አደርጋለሁ ብሎ እሺ አለሽ? ላሚቱስ በሰላም ወለደች? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደኅና ነኝ ብዬ እንዳልጽፍልሽ ደኅና አይደለሁም። አትደንግጪ፣ አልታመምኩም። ታስሬ ነው። ያውም በገዛ አፌ።

በስልክ ያልነገርኩሽ የእኔው ባል ሽመክት ጡረታ ከወጣ ወዲህ ከአጠገቤ ስለማይጠፋ ነው። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ድምፁን ክፈቺው፣ እኔም እኅትሽን ልስማት ይላል። ሾፌሩ ካሱ ወደ እናንተ አገር ሊመጣ መሆኑን ስሰማ በእሱ እጅ ልላክልሽ ብዬ ይኸው ተቀመጥኩ። ስታነቢው ብቻሽን ሁኚ፤ ጋሼ ደግፌም ቢሆን አይስማ።

ጉልበቴ እንደማይሸከመኝ ታውቂያለሽ። የዛሬ ዓመት በክረምቱ ማብቂያ ሐኪሙ ሲመዝነኝ መጀመሪያ እኔን ሳይሆን ሚዛኑን ነበር የተጠራጠረው። ግፊቱ ገብቷል፣ ስኳሩም ደጃፍ ላይ ቆሟል፣ መቀነስ አለብሽ አለኝ። ግን ምንም ነገር እርም አትበይ፣ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ቅመሺ፤ ጨርሰሽ የተውሽው ነገር እያስጎመጀ መልሶ ይጥልሻል ብሎ መከረኝ። እኔ ግን ይሄ ሰውዬ አላወቀኝም አልኩ። ቀምሶ ማቆም ያንቺ ጸጋ ነው እትዬ። እናታችን ድፎ ቆርሳ ስትሰጠን አንቺ ግማሹን በነጠላሽ ጫፍ ትቋጥሪ ነበር፤ እኔ የራሴን ጨርሼ ቋጠሮሽን አያለሁ። ለእኔ ወይ መብላት ነው ወይ መተው። ስለዚህ ቅቤውንም፣ ሥጋውንም፣ ጣፋጩንም በአንድ ጊዜ ተውኩ።

ተውኩና መስቀል መጣ። እዚህ ጋሞ አገር መስቀል እንደ እኛ ደመራ ለኩሶ የሚታለፍ በዓል እንዳይመስልሽ። ወንዶቹ ሰንጋ በማኅበር ያርዳሉ፣ ሴቶቹ ለቅቤው ዓመቱን ሙሉ እቁብ ይጥላሉ፣ ከዚያ ከሳምንት በላይ ከቤት ቤት እየተዞረ ይበላል። የተጣላ ሁሉ የሚታረቀውም ያን ጊዜ ነው። እናም ጎረቤት ቤት ገብቶ ሳይበሉ መውጣት ቂሜ አልወጣልኝም ማለት ነው። እኔ ደግሞ ከማሚቱ ጋር በአጥር ምክንያት ተኮራርፈን ነበር የከረምነው። ማሚቱ ማለት ያቺ የጓሮ ጎረቤቴ፣ ከገረሴ የመጣችው፣ ባሏ አጵሎስ ከጫሞ ሐይቅ ዓሣ እያመጣ የሚነግደው ናት። በመስቀል ማግስት ራሷ መጥታ እጄን ይዛ ወሰደችኝ።

የገብስ ገንፎውን አቀረበችልኝ፤ መሐሉ ላይ ቅቤው ቀልጦ ኩሬ ሠርቷል። ሐኪም ከልክሎኛል ብላት በመስቀል ሐኪም አይከለክልም፣ እሱም ይሄኔ አንዱ ቤት ተቀምጦ እየበላ ነው ብላ ሳቀች። ጉርሻው ከንፈሬ ደረሰ፣ የቤቱ ሰው ሁሉ ያየኛል። እኔ ሞኟ ምን ብል ጥሩ ነው? ስለት አለብኝ አልኳት! የምን ስለት ስትለኝ ደግሞ ሰብሊ ልጅ እስክትወልድ ቅቤ፣ ሥጋና ጣፋጭ ላልቀምስ ለእመቤታችን ተስያለሁ አልኳት። የልጄ ነገር ለምን አፌ ላይ እንደመጣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት ሁልጊዜም ከአፌ ስለማትጠፋ ይሆናል።

ማሚቱ ጉርሻውን መልሳ አስቀምጣ አለቀሰች። እሷ ፕሮቴስታንት ናት፣ ለማርያም መሳል በእሷ ቤት የለም፤ ቢሆንም ቃል ቃል ነው አለች። አሮጊቷ እናቷ በጋሞኛ ረጅም ነገር ተናገሩ፤ ማሚቱ ስትተረጉምልኝ ተጠንቀቂ፣ ብታፈርሺው ጎሜ ነው ይሉሻል አለችኝ። ጎሜ የሚሉት የተከለከለውን ለጣሰ ሰው የሚወርደውን መዓት ነው፤ ከጣሹ አልፎ በልጁ ላይ ይወርዳል ይላሉ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም አይደል የሚባለው? የእኔ ወለምታ ራሱ በቅቤ የመጣ ነው።

መጀመሪያ ላይ ተመችቶኝ ነበር፣ አልዋሽሽም። ማንም አያስጨንቀኝም፣ ቀሚሴም ሰፋ። ቆይቶ ግን ምኞቱ አሳበደኝ። መድኃኒት ቤት ደርሼ ልምጣ እያልኩ በባጃጅ ከእኛ ሰፈር ከሴቻ ወደ ታችኛው ከተማ ወደ ሲቀላ እወርድና ጥግ ይዤ ያን በስኳር የራሰ ሙሸበክ እበላለሁ። አንድ ብዬ ጀምሬ ከረጢቱን አራግፌ ነው የምመለስ። ሐኪሙ ስለቱን ከማን እንደሰማ እንጃ፣ ሚዛን ላይ ስወጣ ስለት ያወፍራል እንዴ ብሎ ሳቀብኝ። አፈርኩ።

ሰኔ ላይ ሰብሊ ከሐዋሳ ደወለች። እማ፣ አርግዣለሁ አለችኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ከባሏ ከዕዝራ ጋር ሐኪም ቤትና ጠበል ሲመላለሱ ኖረው! እልል ብዬ ሳልጨርስ ሽመክት ጉልበቴ ላይ ተደፍቶ ሳመኝ። ያ ኮስታራ ሰው እንደ ሕፃን እያለቀሰ ስለትሽ ሰመረ አለኝ። ሰፈሩ በሙሉ እንኳን ደስ ያለሽ ሊለኝ መጣ። ከዚያ ወዲህ ጠባቂዬ በዛ። ማሚቱ በዘይት ለብቻ ትሠራልኛለች፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ሳህኔን አይታ ነው የምታሳልፈኝ። ሲቀላ ስወርድ ባለ ሙሸበኩ ራሱ እማማ ሰማሁ፣ ማርያም ትጨርስልዎት ብሎ ሻይ ብቻ አቀረበልኝ። የት ልግባ? ሻዬን ያለ ስኳር ጠጥቼ ተመለስኩ።

ይህንንስ እችለው ነበር። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ግን ዕዝራ ደውሎ አንድ ነገር ነገረኝ። ለካ ሰብሊ ስለቴን ሰማሁ ብላ ቅቤውንም ሥጋውንም ትታለች። እናቴ ለእኔ ብላ ስትሰቃይ እኔ ቁጭ ብዬ አልበላም አለች። የፍልሰታው ጾም ወጥቶም አልገደፈችም። ሐኪሟ ደም አንሶሻል፣ ሥጋና ጉበት ብዪ እያለ ይለምናታል፣ እሷ ጎመን ትቆነጥራለች። ብለምናት፣ ብቆጣት አልሰማ አለች። እውነቱን ልንገራት ብዬ ስንት ጊዜ ስልኩን አነሳሁ መሰለሽ። ግን ምን ልበላት? መውለድ ማጣትሽን ከጉርሻ ማምለጫ አደረግሁት ልበላት? ስድስት ዓመት ያለቀሰችበትን? እንዲህ ብዬ ከምነግራት ምላሴ ይቆረጥ።

እናም በዘንድሮው መስቀል ቆርጬ ተነሳሁ። ማሚቱ ቤት ሁላችንም ተሰብስበን፣ ሽመክት ደግሞ በስልኩ በዓሉን ለሰብሊ በቪዲዮ እያሳያት ሳለ፣ ማሚቱን ከገንፎው ስጪኝ አልኳት። ከዘይቱ መስሏት ልትነሳ ስትል ማንኪያውን ከእጇ ወስጄ ከቅቤው ኩሬ ቀዳሁና ጎረስኩ። እትዬ፣ ጣፈጠኝ፤ እንባዬ እየወረደ ጣፈጠኝ። ሰብሊዬ፣ ይኸው አፍርሼዋለሁ፣ አንቺም ብዪ አልኩ።

አሮጊቷ ፊታቸውን አዞሩ። ሰብሊ ከስልኩ ውስጥ እማ፣ የቀረሽን ሁለት ወር መታገስ አቃተሽ አለችኝና ዘጋችው። ሽመክት ተነስቶ ወጣ፤ እስከ ዛሬ ከእግዜር ሰላምታ በቀር አያናግረኝም። አይፈረድበትም፣ እሱ የሚያውቀው ለሆዷ ብላ የልጅ ልጁን የከዳች ሴት ነው።

በማግስቱ ዕዝራ ተደብቆ ደወለልኝ። ሰብሊ ቀኑን ሙሉ ስታለቅስና ስትሰድበኝ ውላ፣ ከእንግዲህ ምን ቀረ ብላ ማታ ጉበት ጥብስ በልታለች። እኔ ስልኩን እንደያዝኩ ተመስገን እመቤቴ አልኩ።

አሁን ደግሞ ፍርሃት ገባብኝ። ስለቱ ውሸት ነበር፣ አውቃለሁ። ግን አሮጊቷ ፊታቸውን ያዞሩበት ነገር ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ልጁን አንድ ነገር ቢያገኘው ሁሉም የሚያየው የእኔን ማንኪያ ነው፣ እኔም ራሴ። ስለዚህ በሃያ አንዱ፣ በማርያም ቀን ሄጄ ወድቄ አለቀስኩና ተሳልኩ። አሁን የምር ነው። ሰብሊ በሰላም እስክትገላገል ቅቤም ሥጋም ጣፋጭም አልቀምስም። ይህን ደግሞ ማንም ማወቅ የለበትም፤ ሰብሊ ከሰማች መልሳ ትተወዋለች። በፊት ሳልሳል ተስያለሁ አልኩ፣ አሁን ተስዬ እየበላሁ ነው እላለሁ። ማሚቱ ብታዝንብኝም ጎረቤት ናትና በቅቤ የራሰ ጉርሻ ታጎርሰኛለች፤ እኔም የማኝክ መስዬ ቀስ ብዬ በነጠላዬ ጫፍ እቋጥረዋለሁ። በስተርጅና የአንቺን ቋጠሮ ለመድኩት እትዬ።

የምለምንሽ ይህን ነው። ሰብሊ የማንንም ቃል ባትሰማ ያንቺን ትሰማለች። ደውይላትና እናትሽ እየበላች ነው፣ ወፍራለች በያት። እንደ ወትሮው የምትልኪልኝን ቅቤም በካሱ እጅ ላኪ፣ ካልመጣ ይጠረጥራሉ። ጥሬ አስቀምጠዋለሁ፣ ለአራሷ ገንፎ ይሆናል። የዚያን ቀን አጠገቤ እንድትቀመጪ እፈልጋለሁ። አንዷን ማንኪያ ስጎርስ ዝም በይኝ፣ ሁለተኛዋን ሳነሳ እጄን ያዢልኝ።

ጋሼ ደግፌን ጉልበቱን ስሚልኝ፣ መነጽሩንም ያድርግ። ይበልጣልን ከነሚስቱ እንዴት ናችሁ በይልኝ። ለትንሿ ሀሌሉያ ሙዝ በካሱ ልኬላታለሁ፣ ከኩልፎ ወንዝ ዳር የተቆረጠ ነው፤ ሙሉዬ እንዳትቀማት አደራ። ሽመክትም ሰላም ብሎሻል ብዬ እጽፍ ነበር፣ ቢያናግረኝ ኖሮ።

ታናሽሽ አገኘሽ
አርባ ምንጭ፣ ሴቻ
መስከረም 23 ቀን 2018 ዓ.ም.