አስቀድሞ የሞቀው አምፕ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11፤ ጠዋት 2፡30

ክኒኔን ውጫለሁ። ሬዲዮዬን ከፍቻለሁ። ጎረቤቴ ወ/ሮ አስካለ ከአጥር ማዶ ድምፁን ቀንሱልኝ አሉ። ዜናው ለሰፈሩ ሁሉ እንዲዳረስ ብዬ ነው አልኳቸው። ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። በዚህ ሳምንት ቀንስ ሲሉኝ ሁለተኛቸው ነው።

ደብተሬ፣ ላንተ ብቻ ልንገርህ። ግራ ጆሮዬ ሄዷል። ቀኙም ጓዙን እየሸከፈ ነው።

የልጄ ልጅ ሊዲያ ይህን አታውቅም። ትናንት ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። የጊታር አምፕ፣ ድምፅ ማጉያ ነው። ያገለገለ፣ መልኩ የድሮ፣ ቡናማ ጨርቅ የለበሰ፣ ውስጡ እንደኔ ዘመን ሬዲዮ በመስታወት ቱቦ የሚሠራ። ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ አንድ ልጅ ይሸጠዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ ጊታር አስተምራ ያጠራቀመችው ብር አንድም ሳይቀር እዚያ ላይ ሊያልቅ ነው። ከተገዛ በኋላ መመለስ የለም። «አባባ፣ አንተ ሰምተህ ደህና ነው ካልከኝ እገዛዋለሁ» አለችኝ።

ሰምተህ አለች። ሠላሳ ዓመት ነፋስ ስልክ ላይ ሬዲዮ ስጠግን በሽታውን በር ላይ ቆሜ የምለይ ሰው ነበርኩ። ያንን ሰውዬ ነው የምትጠራው።

እሺ አልኳት። አሮጌ ውሸታም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12፤ 11 ሰዓት

የእጅ ሰዓቴን ቀኝ ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት። ከሩቅ አገር እንደሚመጣ እርምጃ ነው። ግራ ላይ፣ ምንም።

ሊዲያ ከቤ/ክ መዝሙር ልምምድ መጣች። አስተማርኳት። ጊታሩን ሳትነኪ ድምፁን ክፈቺው፣ አምፕ ጉዱን የሚያወጣው ማንም ሳይጫወት ነው፣ ከሥሩ እርርር የሚል ነገር ካለ ታሟል አልኳት። ስልኳ ላይ ጻፈችው። ከዚያ እሱን እንኳ አንተ ትሰማልኛለህ አለች። ለጆሮዬ ኪራይ ትከፍያለሽ አልኳት። ሳቀች። ሳቋን በዓይኔ አየሁት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13፤ 12 ሰዓት

ሄድን። ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ጉልበቴ አለቀሰ። ሻጩ በረከት ይባላል። ቆብ አድርጓል፣ «ፋዘር» ይለኛል። አምፑ ቀይ መብራቱን አብርቶ ይጠብቀናል።

ተጫወተች። ፊቷ ተለወጠ። ልቧን እንደሰጠችው አወቅሁ፤ ከዚህ ወዲያ የሚያስጥላት የኔ ቃል ብቻ ነው። የጊታሩን ክሮች በመዳፏ አፈነች፣ ድምፁን ከፈተች፣ ወደኔ ዞረች። «አባባ?»

እኔ ዘንድ ጸጥታ ነው። የአምፑ ይሁን የጆሮዬ አላውቅም። ጢሜን ዳሰስኩ። «ንጹሕ ነው» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። ጊዜ ለማግኘት ብዬ መዳፌን ከጀርባው አስጠጋሁ። ይፋጃል። ዳቦ ይጋግራል።

መቼ ነው ያበራኸው አልኩት። «አሁን፣ ስትገቡ።»

ደብተሬ፣ ይቺን ጨዋታ እኔም ተጫውቻታለሁ። የታመመ ሬዲዮ ስሸጥ ገዢው ከመምጣቱ አንድ ሰዓት ቀድሜ አበራው ነበር። የደከመ ካፓሲተር፣ ያ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ዕቃ፣ ሲሞቅ አመሉን ይደብቃል፤ ሲቀዘቅዝ ያጋልጣል። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ቀዝቃዛውን አሳየን አልኩት። ልሄድ ነው፣ ሌላ ገዢም ቅዳሜ እኩለ ቀን ይመጣል አለ። እንግዲያው ቅዳሜ ጠዋት፣ ሳትነካው አልኩ።  ከታክሲ ስንወርድ ሊዲያ፣ አንተ ሰው አታምንም አለች።

እውነቷን ነው። ራሴን አውቀዋለኋ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15፤ 9 ሰዓት

ገና ከመግባቴ መዳፌን አስጠጋሁ። ይፋጃል። ይሄ ልጅ ከኔም ብሷል።

አፌን ልከፍት ስል መብራት ሄደ።

በረከት ተቁነጠነጠ። በኋላ ተመለሱ አለን። ሦስት ፎቅ ወርጄ ልመለስ? ይልቅ ውሃ ስጠኝ ብዬ ሶፋው ላይ ተደላደልኩ። አምፑ እየቀዘቀዘ ነው። እኔ እያላበኝ ነው። መብራት ሲመጣ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ሁሉንም ይናገራሉ፤ እኔ ደግሞ የማልሰማው እነሱኑ ነው።

አንድ ሰዓት ከሩብ ጠበቅን። የበረከት ስልክ ጠራ፤ ያኛው ገዢ መንገድ ላይ ነው።

ሊዲያን ደረጃው ጋ ጠራኋት። አልሰማም አልኳት።

«ምኑን?»

«ብዙውን።»

ከመቼ ጀምሮ አለች። ካምና ክረምት። «ሐሙስ ዕለት ታዲያ?» ሐሙስ ቲያትር ነበር አልኳት። ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ። ክንዴን ያዘች። ያ ባሰኝ።

ጆሮው አንቺ ነሽ፣ እጁ እኔ ነኝ አልኳት።

መብራት መጣ። ዓይኗን ጨፈነች። እኔ መዳፌን ሳጥኑ ላይ ዘረጋሁ። እንጨቱ እንደተኛች ድመት ይንቀጠቀጣል። «አባባ፣ ከሥር ይጮሃል» አለች። ቆጠርን። ስምንት ደቂቃ ሲሆን ከመዳፌ ጠፋ። እሷም እኩል «ቆመ» አለች። በረከት ቆቡን አውልቆ ወለሉን ያያል።

አፍንጫዬ ግን አላረጀም። ትራንስፎርመሩን አሸተትኩት፣ የቃጠሎ ሽታ የለውም። የሞተ አይደለም፣ የታመመ ነው። የሚድን በሽታ። ይህን ሁሉ በረከት ፊት ነገርኳት፣ ወስኚ አልኳት። በረከት ዋጋውን ሳይጠየቅ ዝቅ አደረገ።  ከዚያ እገዛዋለሁ አለች፤ አባባ እያሳየኝ እኔ እጠግነዋለሁ፣ ግን ሰኞ ጆሮውን ሊታይ ይሄዳል፣ ካልሄደ አምፑም ይቅር።

እንዲህ ያለ ድርድር በዕድሜዬ አላየሁም። በረከትን አየሁት። «ፋዘር፣ ይሂዱላት» አለ፣ ሌባው።

እሑድ፣ ጥቅምት 16፤ ጠዋት 4 ሰዓት

አምፑ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ሶኬቱ ተነቅሏል። ቢነቀልም ውስጡ የሚመታ ኤሌክትሪክ ያስቀራልና አትንኪው፣ እኔ ቀድሜ አስወጣዋለሁ ብያታለሁ። ከቤ/ክ ስትመለስ ካቻቪቴውን እሷ ትይዛለች፤ የኔ ሥራ ማሳየት ነው።

ሌሊቱን ሐኪሙን እንዴት እንደማታልል ሳወጣ ሳወርድ አደርኩ። ከንፈር ማንበብ እችላለሁ፣ ወ/ሮ አስካለ ላይ ተለማምጃለሁ። ቀላል ነው።

አላደርገውም። ነገ እዚያ ወንበር ላይ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምቀመጠው። የሰማሁትን ሰማሁ፣ ያልሰማሁትን አልሰማሁም እላለሁ።