ተሳፋሪ ከሆንኩ ወዲህ

ነሐሴ 4
ጡረታ ከወጣሁ አርባ ሦስት ቀን። መርሳ ከተማ፣ ሱቃችን ደጃፍ ቁጭ ብዬ መኪና ስቆጥር ዋልኩ። ትርንጎ ከደንበኞቿ ጋር ስትሯሯጥ ሁለቴ «እስቲ ጠጋ በል» አለችኝ። መተላለፊያው ላይ ነኝ ለካ። የገዛ ሚስቴ መተላለፊያ ላይ...

ነሐሴ 6
ሐዋሳ እንሂድ አልኳት። ሠላሳ አራት ዓመት አገር አቋራጭ ስነዳ ሰውን ለእረፍት ሳደርስ ኖሬያለሁ፣ አሁን ተራው የኛ ነው ብዬ። ስኳር እየመዘነች ሰማችኝ።
«ዕድሜህን ሙሉ ስትዞር ኖረህ አልጠገብክም?»
መዞርና ማየት አንድ ነው? መሪ ይዞ ሐይቅ ያየ ማን አለ... ልላት ስል ጎረቤታችን አስካለ ዘይት ልትገዛ ገባች።

ነሐሴ 7
ደግሜ ጠየቅኋት። ሱቁን ማን ይይዛል፣ አለች። በቃ።

ነሐሴ 18
ብቻዬን ወጣሁ። የጫነኝ ወንድሙ የሚባል ልጅ ነው፤ ድሮ ረዳቴ ነበር፣ ዛሬ ራሱ ሹፌር ነው። ሹፌር ሹፌርን አያስከፍልም፤ ጋቢና አስቀመጠኝ። ጠመዝማዛው ላይ ቀኝ እግሬ ወለሉን ሲረግጥ አየ።
«ጋሼ፣ ፍሬኑ በኔ በኩል ነው።»
ከኋላችን ያሉት ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ደሴ ስንደርስ እግሬ ደንዝዟል።

ነሐሴ 20፣ ሐዋሳ
ትናንት ማታ ሻንጣዬን አስቀምጬ ከጨረስኩ በኋላ ነው ያስተዋልኩት። የገባሁት መናኸሪያው አጠገብ ካለው የሹፌሮች አልቤርጎ ነው። ድሮ የማድርበት። ማንም አላስገደደኝም፤ እግሬ መራኝ። በመስኮቱ የሚታየኝ የቆመ አውቶብስ ብቻ። ዛሬ ማለዳ ወጥቼ የማላውቀውን ሰው መኪና ጎማ መታ መታ ሳደርግ ራሴን አገኘሁት። ዘበኛው «ምን ፈለጉ አባት?» አለኝ። እጄን አራግፌ ወደ ክፍሌ ተመለስኩ።

ነሐሴ 21
ሐይቁ ዳር ሄድኩ። ያምራል። አስተናጋጇ ስንት ሰው እንደሆንን ጠየቀችኝ፤ አንድ ነኝ አልኳት። ዓሣው ለሁለት የሚበቃ ነበር።
ለትርንጎ ደወልኩ።
«ደረስክ?»
«ደረስኩ።»
ድሮም በስልክ የምንባባለው ይህንኑ ነው።

ነሐሴ 23
ተመለስኩ። ሳምንት እቆያለሁ ብዬ ነበር የወጣሁት።

መስከረም 12
ትርንጎ ስንቅ እያዘጋጀች ነው። የማኅበሯ ሴቶች መኪና ተኮናትረው ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ነው። በየዓመቱ ይሄዳሉ አለችኝ። ዘጠኝ ዓመት ሄዳለች፤ እኔ አላውቅም። የመስቀል ሰሞን ለሹፌር የሥራ ሰሞን ነው፣ ቤት ኖሬ አላውቅም። ሱቁን አስካለ ትይዝላት ነበር። ታዲያ ነሐሴ ላይ አስካለ የት ሄዳ ነው?... አልጠየቅኋትም።
እኔም ልምጣ አልኩ። ወንበሩ አልቋል፣ አለች። ቆይታ፦
«ሐዋሳ እንሂድ አልከኝ እንጂ፣ የት መሄድ ትወጃለሽ አላልከኝም።»
ሽሮውን በፌስታል ቋጥራ ወደ ጓዳ ገባች።

መስከረም 19
ሄደች። ሴቶቹ እየዘመሩ መኪናው ተንቀሳቀሰ። መቼ እንደምትመለስ አልነገረችኝም። እኔስ ስወጣ ነግሬያት አውቃለሁ?

መስከረም 20
ሱቁን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ የገባው ሁሉ «ትርንጎስ?» ይላል። ሻማ የት እንዳለ ጠፋኝ። አስካለ መጥታ ከመደርደሪያው ሥር አወጣችው። «ጋሽ ዘውዱ፣ ቤቱን እስኪለምዱት ብዙ ዓመት ይፈጅብዎታል» ብላ ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው።

መስከረም 22
ከሰዓት በኋላ ከግሸን የሚመለሱ መኪኖች ማለፍ ጀመሩ። አንድ... ሁለት... አምስት። አንዱም አልቆመም። ደወልኩላት። ዛሬ እንደማይገቡ ነገረችኝ፤ ሐይቅ ከተማ ላይ ወርደው ውኃው ዳር ተቀምጠዋል፣ «ነገ ነው የምንደርስ» አለች። ልትዘጋ ነበር።
«ቆይ ትርንጎ። ከዚህ ሌላ የት መሄድ ትወጃለሽ?»
ቀስ ብላ፦
«ውይ... ላስብ እስቲ።»
ስልኩን አልዘጋችውም። ነፋሱና የሴቶቹ ጨዋታ ይሰማኛል። አንድ ደንበኛ ገብቶ ባትሪ ጠየቀኝ። በእጄ ቆይ አልኩት።