በቅንድብ የተሰጠ ድምፅ

ሆኖሉሉ፣ ዓርብ

ውድ ኔይሞን፣

የኑክሌር ቦምብ ሙከራው ጨረር ለነካቸው ደሴቶቻችን በሚዘጋጀው የጤና ዕቅድ ውስጥ የልጅ ልጆችም እንዲካተቱ ዛሬ ረፋድ ላይ ጸደቀ። ትናንት ግን ወድቆ ነበር። ሰብሳቢው በአስተርጓሚ፣ "የልጅ ልጆቻችሁም በየዓመቱ የአንገት ዕጢያቸው ይመርመር ትላላችሁ?" ብሎ አሥራ አንዱን እናቶቻችንን በየተራ ጠየቀ። ሁሉም ቅንድባቸውን ከፍ አደረጉ። ጸሐፊው በየስማቸው ፊት "መልስ የለም" ብሎ ጻፈ። እኛ ጋ ማጁሮ ዓሣ ሻጩ እንኳ ከመንገድ ማዶ በቅንድቡ "አለ" ይለናል፤ እዚህ ግን አፉን ያልከፈተ ሰው እንደሌለ ይቆጠራል።

ዛሬ ቃለ ጉባኤው ሲነበብ እማማ ሊጆን ብድግ አሉ።

"አንተ፣ አሥራ አንድ ጊዜ እሺ ስንልህ ምን ታይ ነበር?"

"ድምፅ አልሰማሁም፣ እማማ" አለ ጸሐፊው።

"ድምፅ ከፈለግህ ያኔ ቦምቡን መስማት ነበረብህ። አሁን ቀና በልና እይ!"

እንደገና ተቆጠረ። ሃያ ሁለት ቅንድብ አንድ ላይ ተነሣ። ሰብሳቢውም ሳያስበው የራሱን ሲያነሣ እማማ "አሥራ ሁለት!" ብለው አዳራሹን በሳቅ ገደሉት።

ፖስት ካርዱ ሊሞላብኝ ነው። እናትሽን አቅፈሽ ሳሚልኝ፤ ለተማሪዎችሽም ሰላምታዬን አድርሺ። ስለ ጨረሩ በየትምህርት ቤቱ በቋንቋችን የሚሰጠውን ትምህርት አንቺ እንድትመሪው እማማ ጠቁመውሻል። የሚወሰነው በሚመጣው ወር በአምስት ነው። በስልክ ይጠይቁሻል፤ እባክሽ በአፍሽ መልሺ።

ላይማን